የሚዞር ትሪ፥ እጁ ለማይደርስ

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. መገባደጃ፥ በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በምትገኘው በሐርቢን ከተማ፥ ብርዱ የሰውን እስትንፋስ በጢሙ ላይ በረዶ በሚያደርግበት ወራት፥ በደኅና ያደሩ ሰዎች ትኵሳት ይዟቸው፥ ደም እየተፉ፥ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይሞቱ ጀመር። መንግሥት ወደዚያ የላከው ሐኪም ዉ ሊየን-ቴ የሚባል፥ በፔናንግ ደሴት ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፥ ገና የ31 ዓመት ጐልማሳ ነበረ። እርሱም የሟች ሳንባ ከመረመረ በኋላ ደዌው ከሰው ወደ ሰው በእስትንፋስ የሚተላለፍ የሳንባ ቸነፈር መሆኑን ተረድቶ፥ ሐኪሙም አስታማሚውም ከሻሽና ከጥጥ የተሠራ መሸፈኛ በአፍና በአፍንጫው ላይ እንዲያስር አዘዘ። ይህን ምክር ያልተቀበለ አንድ የፈረንሳይ ሐኪም ብዙ ቀን ሳይቈይ በዚያው ደዌ ሞተ። ቸነፈሩ በማንቹሪያ ምድር 60,000 ያህል ሰው ፈጅቶ በሚከተለው ዓመት በጸደይ ወራት ቆመ።

ሞትን በዚህን ያህል ቅርበት ያየው ይህ ሐኪም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓይኑን ወደ ምግብ ገበታ መለሰ። በአገሩ ልማድ ወጡና አትክልቱ በገበታው መካከል ይቀመጣል፤ ተመጋቢውም ሁሉ ወደ አፉ ያደረሰውን የመብያ እንጨት መልሶ ወደ ጋራው ሳህን ይሰድዳል። ለያንዳንዱ ለብቻው ማቅረብ የማእዱን አንድነት ያፈርሳል፤ እንደ ነበረ መተውም የአንዱን ደዌ ለሁሉ ያካፍላል። ስለዚህ በ1915 ዓ.ም. ያቀረበው አሳብ በሁለቱ መካከል የሚያልፍ ነበረ፤ ይኸውም አንድ ወፍራም ክብ የእንጨት ሰሌዳ በገበታው መካከል ከፍ ብሎ እንዲዞር፥ ወጡ ሁሉ በእርሱ ላይ እንዲደረደር፥ በየሳህኑም ወደ ማንም አፍ የማይገባ የራሱ ማውጫ ማንኪያ እንዲቀመጥ ነው። ዛሬ በቻይና ምግብ ቤቶች የምናየው፥ በየሱቁም ከብርጭቆና ከሳህን ጋራ ተደርድሮ የሚሸጠው የሚዞር ትሪ፥ ብዙ ሰው ለጌጥ የተፈጠረ ቢመስለውም፥ ከዚህ ሐኪም ጭንቀት ጋራ የተያያዘ ታሪክ ያለው ዕቃ ነው።

እኔም ይህን ትሪ ከጌጥ ዕቃ አልቈጥረውም፤ አሳላፊ ነው እላለሁ። በቀድሞው ዘመን ግብር ሲገባ አሳላፊው ከእንግዶቹ ኋላ እየተመላለሰ ማን እንደ ጐደለበት፥ ማን ሳይደርሰው እንደ ቀረ፥ ማን አፍሮ እንደ ተቀመጠ በዓይኑ እየመረመረ ወጡንም ጠጁንም ያደርስ ነበር። በዛሬው ቤት አሳላፊ የለም፤ እመቤቲቱ ራሷ አብስላ፥ ራሷ አቅርባ፥ ራሷም ከቤተ ሰቧ ጋራ ለመቀመጥ የሚገባት ሰው ናት። እንግዲህ የአሳላፊውን ሥራ ለዕቃ የምንሰጥ ከሆነ፥ ዕቃውን ስንመርጥ የምንጠይቀው ጥያቄ «ያምራል ወይ?» ሳይሆን «እጁ ለማይደርሰው ሰው ያደርስለታል ወይ?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

ይህ ጥያቄ ጥንታዊ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ በኢየሩሳሌም በነበረችው በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን የዕለቱ ምግብ ሲታደል ከግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ወገን የሆኑት መበለቶች እየተዘነጉ ስለ ቀሩ ማጕረምረም ተነሣ፤ ሐዋርያትም ለዚህ አገልግሎት እስጢፋኖስን መጀመሪያ አድርገው ሰባት ዲያቆናት አስመረጡ። በማእዱ ላይ ምግብ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ለሁሉ የሚያደርስ ሥርዓት ነው። በቤታችንም ገበታ የሚዘነጋ ሰው የሚኖረው ብዙ ጊዜ ምግቡ በተረፈበት ቀን ነው።

በእሑድ ምሳ ላይ ስምንት ሰው በተቀመጠበት ገበታ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ዶሮ ወጡ በአባ ወራው ፊት፥ አይቡ በወዲያኛው ጫፍ፥ ጐመኑና አልጫው በልጆቹ መካከል ተቀምጧል፤ አያቲቱ በክብር ስፍራ ቢቀመጡም ከፊታቸው ያለው የሰላጣ ሳህንና የውሃ ጆግ ብቻ ነው። መጀመሪያ ምራታቸው ታወጣላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ይደምቃል፤ ልጆቹ እየተነሡ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርተው ይጨልፋሉ፤ እርሳቸው ግን በቀኝ እጃቸው የእንጀራውን ጠርዝ ቈርሰው፥ በሳህናቸው ላይ የቀረውን የወጥ ቅባት እያበሱ ይቈያሉ። «እማማ፥ ልጨምርልዎ?» ሲባሉም «በቃኝ ልጄ፥ ጠገብሁ» ይላሉ። ጠግበው ሳይሆን፥ ሰው ማስቸገር ስለ ከበዳቸው ነው። በዚህ ገበታ ላይ ያ ሁሉ ሳህን በሚዞር ትሪ ላይ ቢሆን ኖሮ፥ አይቡ ማንንም ሳያስነሣ በጣታቸው ግፊት ብቻ ወደ እርሳቸው በመጣ ነበር።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መለየት እፈልጋለሁ። መሶብ አይዞርም፤ ሊዞርም አይገባውም። መሶቡ የራሱ የሆነ ፍጹም ሥርዓት አለው፤ እንጀራው ከተነጠፈ በኋላ ወጡ በየሰዉ ፊት ይወጣል፥ እያንዳንዱም እጁን ታጥቦ ከፊቱ ያለውን ብቻ ይቈርሳል፥ ከባልንጀራው ፊት መውሰድም ነውር ነው። ቻይናዊው ሐኪም በማንኪያ የፈለገውን የአበው ሥርዓት ድንበር በማበጀት አግኝቶታል። ይህን እንጀራ በሚዞር ትሪ ላይ ብናስቀምጠው ግን የእኔ ድርሻ ወደ ጐረቤቴ፥ የጐረቤቴም ወደ እኔ ይሄዳል፤ ድንበሩም ይፈርሳል። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች ትልቁን የእንጀራ ትሪ በሚሽከረከር እግር ላይ ለማዋል ሲያስቡ ስሰማ አልስማማም። የሚዞረው ትሪ ስፍራው ሰው በየሳህኑ በሚበላበት ገበታ ላይ ነው፤ እንጀራው ተጠቅልሎ በየሳህኑ ወይም ለብቻው ይቀርባል፥ በትሪው ላይ የሚዞረው ወጡ ነው።

የሚዞር ሰሌዳ ከምግብ አስቀድሞ ለሌላም ሥራ ውሏል። ዋንግ ዠን የተባለ የቻይና ባለሥልጣን በ1313 ዓ.ም. ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፥ የኅትመት ፊደል የሚለቅም ሠራተኛ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ፊደሉን ወደ ራሱ የሚያመጣበትን የሚዞር ክብ ገበታ ገልጿል። በአሜሪካ ደግሞ ኤልዛቤት ሃውል የተባለች ሴት በ1891 ዓ.ም. ለተሻሻለ የሚዞር ገበታ የፈጠራ መብት አግኝታለች፤ እርሷ የደከመችበት ነገር ሰሌዳው ያለ እንቅፋት እንዲዞርና ፍርፋሪው ወደ ሥሩ እንዳይገባ ነበር። ይህን የአንዲት ሴት ጥንቃቄ ሳስብ ዕቃውን በእርግጥ የሠራበትና ያጸዳው ሰው የሚያውቀውን ነገር አይበታለሁ። በኋላም በ1950ዎቹ ዓመታት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ጆርጅ ሆል የተባለ ቻይናዊ አሜሪካዊ መሐንዲስ፥ ጆኒ ካን ለተባለው ወዳጁ ምግብ ቤት ሰሌዳውን በኩሽኔታ ላይ አስቀምጦ አዞረው፤ ትሪው በአሜሪካ ባሉ የቻይና ምግብ ቤቶች የተስፋፋው በተለይ ከዚያ ወዲህ ነው።

የትሪው ነፍስ ኩሽኔታው ነው። ሁለት የብረት ቀለበቶች አንዱ በሌላው ላይ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ የብረት እንክብሎች ይንከባለላሉ፤ የላይኛው ቀለበት ከሰሌዳው፥ የታችኛው ከእግሩ ጋራ በብሎን ይታሰራል። በዚህም ምክንያት ብረት በብረት ላይ መፋተጉ ቀርቶ በእንክብሎቹ ላይ ይንከባለላል፤ ብዙ ኪሎ የተሸከመውም ሰሌዳ በአንዲት ሕፃን ጣት ይዞራል። ርካሽ በሆኑት ትሪዎች ይህ ቀለበት እንደ ቡና ስኒ ማስቀመጫ ጠባብ ስለሚሆን ከበድ ያለ ድስት በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ወዲያኛው ወገን ብድግ ይላል። ስለዚህ ገዢው በሱቅ ውስጥ ሳለ ሳያፍር ይሞክረው፤ ትሪውን በደረቅ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ጠርዙን በመዳፉ አጥብቆ ይጫነው። ተቃራኒው ጠርዝ ከተነሣ ወይም እግሩ ከተላቀቀ ይመልሰው። ቀጥሎም አንድ ጊዜ በዝግታ ገፋ አድርጎ ጆሮውን ያቅርብ፤ እኩል የሆነ ለስላሳ ድምፅ ከሰማ ደኅና ነው፤ በየዙሩ በአንድ ስፍራ ላይ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን እንክብሉ ወይም ቦዩ ጕዳት አለበት።

ስለ ሰሌዳው እንጨት ያለኝን እውቀት በአብዛኛው ያገኘሁት በአዲስ አበባ ከሚገኙ የአናጢ ቤቶች በአንዱ ቆሜ ሥራውን በመመልከት ነው። አናጢው የዋንዛ ጣውላዎችን መርጦ ጠባብ ጠባብ አድርጎ ከሰነጠቀ በኋላ አንዱን ገልብጦ፥ ሁለተኛውን አቅንቶ፥ ሦስተኛውን እንደ ገና ገልብጦ አጋጠማቸው። «ለምን አንዱን ሰፊ ጣውላ አትቈርጠውም?» ብለው «ጌታዬ፥ አንድ ጣውላ ብቻውን ሲደርቅ ወደ አንድ ወገን ይጐብጣል፤ እነዚህ ግን አንዱ ወደ ላይ ሲል ሌላው ወደ ታች ይስበዋል» አለኝ። ሙጫው ከያዘ በኋላ ሰሌዳውን ቈርጦ አከበበው፤ ቫርኒሹንም የላዩን ያህል ሥሩንም ቀባው፤ የማይታየው ወገን ሳይቀባ ቢቀር እርጥበቱን በዚያ በኩል ብቻ እየጠጣ ሰሌዳው እንደሚጣመም ነገረኝ። እንጨት በመስመሩ ርዝመት እምብዛም አይቀንስም፤ በመስመሩ አግድም ግን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በክረምት እርጥበት ሳለ ክብ ሆኖ የተቈረጠ ሰሌዳ በበጋው ድርቀት በትክክለኛ መለኪያ ቢለካ ጥቂት ሞላላ ሆኖ ይገኛል። ይህ ለዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ ሰሌዳውን በጠባብ የብረት ቀለበት ለሚያጥር ሰው ግን ክፍተት ካልተወ የመሰንጠቅ ምክንያት ይሆንበታል።

ዋንዛን የምመርጠው ለሥራ ስለሚመች፥ ከደረቀም በኋላ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ነው። ጽድ መልካም እንጨት ቢሆንም ሽታው ከምግቡ ጋራ ይጣላል፤ ባሕር ዛፍም መሰንጠቅና መጣመም ይወድዳል። እብነ በረድ የሚያደርጉም አሉ። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእብነ በረድ ሰሌዳ 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በዚያው ልክ የተቈረጠ ዋንዛ ግን 3 ኪሎ ቢደርስ ነው። ለማጽዳት ብቻዋን የምታነሣው እመቤት ይህን ልዩነት በወገቧ ታውቀዋለች። መስተዋት በሁለቱ መካከል ነው፤ ንጽሕናው ያስደስታል፥ ነገር ግን የጋለ ሸክላ ድስት በቀጥታ እንዲቀመጥበት አልመክርም።

ልኩን በሚመለከት ሒሳቡ ቀላል ነው። ለሰው ሳህንና ብርጭቆ በትሪው ጠርዝና በገበታው ጠርዝ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፍራ መተው ይገባል፤ ስለዚህ 120 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ክብ ገበታ የ60፥ ለ150 ሳንቲ ሜትር ደግሞ የ90 ሳንቲ ሜትር ትሪ ይስማማል። በ60 ሳንቲ ሜትር ትሪ ላይ ስፋታቸው 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰባት ጐድጓዳ ሳህኖች፥ ስድስቱ በዙሪያ አንዱ በመካከል ሆነው፥ ሳይጨናነቁ ይቀመጣሉ፤ ለአንድ የጾም በያይነቱ ሽሮው፥ ምስሩ፥ አተር ክኩ፥ ጐመኑ፥ ጥቅል ጐመኑ፥ ፎሶልያውና ቲማቲሙ ማለት ነው። ለ90 ሳንቲ ሜትር ገበታ የሚተርፈው የ30 ሳንቲ ሜትር ትሪ ብቻ ስለ ሆነ፥ ወጥ ሊሸከም አይችልም፤ ሚጥሚጣውን፥ አዋዜውን፥ ሰናፍጩንና ጨውን ግን ያዞራል፥ ለዚህም ቢሆን የሚገባው ዕቃ ነው።

ከተገዛ በኋላ አቀማመጡ ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። ከባዱ ድስት በመካከል፥ ቀላሉ ሳህን በዙሪያ ይሁን። ምክንያቱም የሚዞር ነገር ለመነሣትም ለመቆምም የሚያሳየው እምቢተኝነት ከመካከሉ ባለው ርቀት ካሬ ልክ ያድጋል፤ ከመካከሉ 10 ሳንቲ ሜትር የራቀ ድስት ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ቢገፋ እምቢተኝነቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በጠርዙ ላይ ከባድ ድስት የተሸከመ ትሪ አንድ ጊዜ ከተነሣ አልቆም የሚለውና ድንገት ሲይዙት መረቁ የሚፈስሰው በዚህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ረዥም ጠርሙስና የሞላ ብርጭቆ ደግሞ በፍጹም በትሪው ላይ አይቀመጥ፤ የማንኪያው እጀታም ከጠርዙ ወጥቶ የሌላውን ብርጭቆ እንዳይጠልፍ ወደ ውስጥ ይመለስ።

አዟዟሩም ሥርዓት አለው። ጸሎተ ማእድ ከደረሰ በኋላ ትሪው መጀመሪያ ታላቁ ወይም እንግዳው ፊት ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንዱ ሲጨልፍ ሌላው አይነካውም። ልጆች ይህን ቶሎ ይማራሉ፤ ጨዋታ ስለሚመስላቸው አንድ ሁለት ጊዜ ያሽከረክሩታል፥ ነገር ግን «አባባ ሳያወጡ አይዞርም» ሲባሉ ትሪውን በጣታቸው ይዘው መጠበቅን ራሱን እንደ ሹመት ይቈጥሩታል። በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባኛል። ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን የሚዞረው ትሪ ከረዳት ይልቅ እንቅፋት ሊሆን ይችላል፤ ከቀኛቸው ያለውን ጐመን በእጃቸው የለመዱ ሰው በሁለተኛው ጊዜ ሚጥሚጣውን ሊያገኙ ይችላሉና። ለእነርሱ ከአጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ማንኪያውን ይያዝላቸው፤ በትሪው የሚተካ አገልግሎት አይደለም።

በብዙ ቤት ረቡዕና ዓርብ፥ በተለይም በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፥ የሚጾመውና የማይጾመው በአንድ ገበታ ይቀመጣሉ። ሕፃናትና በሽተኞች አሉ፥ ከሌላ ሃይማኖት የመጣ እንግዳም ይኖራል። በዚህ ጊዜ የጾሙንና የፍስኩን ወጥ በአንድ ትሪ ላይ ብናደባልቅ፥ ጕዳቱ ከማንኪያው ይጀምራል፤ በቅቤ ወጥ ውስጥ የገባች ማንኪያ ሳይታሰብ በሽሮው ውስጥ ትገኛለች። የእኔ ምክር ትሪው ለጾሙ ምግብ ብቻ እንዲሆን፥ ፍስኩም በሚበላው ሰው ፊት እንዲቀመጥ ነው። ይህን ያህል ስፍራ ከሌለ ግን የጾሙ ማንኪያ ሁሉ የእንጨት፥ የፍስኩ የብረት ይሁን፤ ያን ጊዜ የተሳሳተችው ማንኪያ በሩቅ ትታያለች።

ማጽዳቱን አጭር አድርጌ ልናገር። ትሪው በውሃ ውስጥ አይነከርም፤ ውሃ ወደ ኩሽኔታው ከገባ እንክብሎቹ ይዝጋሉ። ሰሌዳው በእርጥብ ጨርቅ ታብሶ ወዲያው ይድረቅ፤ በሥሩ የገባው ፍርፋሪ ጕንዳን ሳይጠራ በደረቅ ብሩሽ ይራገፍ። ትሪው ሲጥ ሲጥ ሲል የምግብ ዘይት ማንጠባጠብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የምግብ ዘይት ሲቈይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፥ ትሪውም ከበፊቱ የባሰ ይከብዳል። ጥቂት ቫዝሊን ይበቃዋል።

ገበታው ክብ ሳይሆን ረዥም ከሆነ በመካከል የተቀመጠው አንድ ትልቅ ትሪ በሁለቱ ጫፍ ላሉት አይደርስም፤ በእነዚያም ጫፎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት አባ ወራውና አያቶች ናቸው። እንዲህ ላለው ቤት ሁለት የ40 ሳንቲ ሜትር ትሪዎች ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ፤ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ወጥ በትንንሽ ሳህን ይደረጋል። ደም ብዛት ይዟቸው ጨው የተከለከሉ ሰው በቤቱ ካሉም፥ ጨው ያልገባበት ወጣቸው ከወጥ ቤት ለብቻው እየመጣ ሁሉ ዘወር ብሎ እንዲያይ አይደረግ፤ ከሌላው ጋራ በዚያው ትሪ ላይ፥ በቀለሙ በሚለይ ሳህን ሆኖ ይቀመጥ፤ ቤተ ሰቡም የቀለሙን ምልክት አስቀድሞ ይወቀው።